መምህሩ ቅዱስ ያሬድ



ብዙ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ለሌላው ማሳወቅ አይችልም። ስለዚህ ሊያስተምር የሚነሣ ሰው አስቀድሞ መፈተን፣ ዕውቀቱን በሚያውቅ መምህርም ሊመሰከርለት ይገባል። በሀገራችን እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው የመምህራን ሥልጠና ሥርዓት፣ ሒሳብን ወይም ፊዚክስን ወይም ታሪክን በዩኒቨርሲቲ አጥንቶ የተመረቀ ወጣት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለማስተማር ዲግሪው ብቻውን አልበቃውም ነበር። የማስተማር ሙያን ለብቻው ተምሮ፣ በትምህርት ቤትም ልምምድ አድርጎ፣ የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ እንዲይዝ ተደነገገ። የትምህርቱ ዕውቀት አንድ ነገር፣ የማስተማሩ ሙያ ሌላ ነገር መሆኑ በዚህ ታወቀ።

ይህ ሐሳብ በወገዳ፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ለሚኖር ሕዝብ እንግዳ አይደለም። የጋይንት ምድር ከጥንት ጀምሮ የዜማ መምህራን ከየአገሩ እየመጡ የሚፈተኑበትና የሚመሰከርላቸው ስፍራ ነው። በዚያ የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ነው። በአቋቋም ሊመሰከርለት የሚሻ ወደ ጎንደር በዓታ፣ በቅዳሴ የሚሻም ወደ ሰለልኩላ ወይም ወደ ደብረ ዓባይ ይሄዳል። እያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት የራሱ መምህርና የራሱ የምስክር ቦታ አለው። የዚህ ሁሉ ትምህርት አባት ተብሎ የሚከበረው ቅዱስ ያሬድ ነው። ስለ ዜማው ብዙ ተነግሯል፤ እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ መምህር የሆነበትን መንገድ እንከተላለን።

ስለ ቅዱስ ያሬድ የምናውቀው በስንክሳር፣ በገድሉና በሊቃውንት ትውፊት ነው። እነዚህም የተጻፉት ከዘመኑ ብዙ መቶ ዓመታት ቆይቶ መሆኑን አንባቢ ሊያስተውል ይገባል። እንደ ትውፊቱ ቅዱስ ያሬድ በ505 ዓ.ም. በአክሱም ተወለደ። ገና የሰባት ዓመት ሕፃን ሳለ አባቱ ስለ ሞተ፣ እናቱ በአክሱም ጽዮን ያስተምሩ ለነበሩት ለዘመዱ ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። ሕፃኑም እንደ ሥርዓቱ ከፊደል ተነሥቶ ወደ መዝሙረ ዳዊት ደረሰ፤ በዚያም ቆመ።

ጓደኞቹ ዳዊቱን ደግመው ወደሚቀጥለው ትምህርት ሲሻገሩ እርሱ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ጠዋት የተነገረው ማታ ይጠፋበት ነበር። ዓመታት አለፉ፤ ትውፊት ሰባት ዓመት ያደርሰዋል። በትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለውን ልጅ ያውቀዋል። ከእርሱ በኋላ የመጡ ታናናሾች ሲያልፉት ያያል፤ ሲጠየቅ አንገቱን ይደፋል፤ ባልንጀሮቹ ይሣለቁበታል። መምህሩም በጊዜው ልማድ መከሩት፣ ገሠጹት፣ በመጨረሻም ገረፉት። ግርፋቱ ግን ትምህርት አልሆነለትም። ልጁ ተስፋ ቈርጦ ከትምህርት ቤቱ ሸሸ።

በመንገድ ሳለ ዝናም መጣበትና ከአንድ ዛፍ ሥር ተጠለለ። ቦታውን ትውፊት ማይ ኪራሕ ይለዋል። እንደ ተቀመጠም አንዲት ትል የዛፉን ፍሬ ለመብላት ግንዱን ስትወጣ አየ። ጥቂት ወጥታ ትወድቃለች፤ እንደገና ትነሣለች፤ እንደገናም ትወድቃለች። ብዙ ጊዜ ከወደቀች በኋላ ወደ ላይ ደርሳ ፍሬውን በላች። ልጁ ይህን አይቶ በልቡ ተነካ፤ አልቅሶም ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሰ።

ይህን ታሪክ በየጉባኤው ስንሰማ ሁላችንም ትሏን እናስታውሳለን። አባ ጌዴዎንን ግን ብዙ ጊዜ እንረሳቸዋለን። የሸሸው ልጅ ሲመለስ በሩ ተዘግቶ ቢያገኘው የትሏ ምሳሌ ምን ይጠቅመው ነበር? መምህሩ ይቅርታውን ተቀበሉ፤ ስለ እርሱም ወደ እግዚአብሔር ጸለዩ፤ ትምህርቱንም ካቆመበት ጀመሩለት። ከዚህ በኋላ ልቡናው ተከፈተ፤ ስንክሳር መዝሙሩንና መጻሕፍተ ብሉያትንና ሐዲሳትን በአንድ ቀን እንዳወቀ ይናገራል። ያ አንድ ቀን የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። ዓመታቱን ሁሉ ቦታውን ጠብቀው ያቆዩለት ግን መምህሩ ነበሩ።

ያሬድ ዲቁና ተቀበለ። የ14 ዓመት ልጅ ሳለ አባ ጌዴዎን እንዳረፉና እርሱም በመምህሩ ወንበር ተቀምጦ ማስተማር እንደ ጀመረ ይነገራል። ትናንት ከሁሉ ኋላ የነበረው ልጅ ዛሬ ወንበሩን ያዘ። ምናልባት ለዚህ ሥራ ከእርሱ ይልቅ የተዘጋጀ አልነበረም። ትምህርቱ ቶሎ የሚገባው ሰው ሌላው የሚቸገርበትን ቦታ አያየውም፤ ራሱ ያልተሰናከለበትን ድንጋይ ለሌላው ሊያሳይ አይችልም። ያሬድ ግን ተማሪው የት ላይ እንደሚያቆም፣ ለምን ዝም እንደሚል፣ መቼ ሊሸሽ እንደሚያስብ በራሱ ሕይወት ተምሮታል። የወደቀባቸው ዓመታት የጠፉ ዓመታት ይመስሉ ነበር፤ ነገር ግን መምህር የሆነው በእነርሱ ነው።

በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመነ መንግሥት ያሬድ ከሰማያውያን ካህናት ዜማ እንደ ተማረ መጻሕፍት ይመሰክራሉ። ሦስት አዕዋፍ ከኤዶም ገነት መጥተው እንደ ሰው ተናገሩት፤ ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌምም ተነጥቆ የሃያ አራቱን ካህናተ ሰማይ ምስጋና ሰማ። ሲመለስም በአክሱም ጽዮን ቆሞ በታላቅ ድምፅ ዘመረ። ንጉሡና ንግሥቲቱ፣ ጳጳሱና ካህናቱ ሁሉ ሊሰሙት ተሰበሰቡ። ዜማውን ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ብሎ በሦስት ከፈለው። ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት የእርሱ ድርሰቶች ሆነው ተቈጥረዋል። እኛም በግዕዝ ሥርዓት የምናስቀድስ ካቶሊካውያን ምእመናን በየሰንበቱ የምንሰማው ዜማ ከዚህ ምንጭ የተቀዳ ነው።

ጋይንት ከቅዱስ ያሬድ ታሪክ ጋር የሚገናኘው በዚህ ጊዜ ነው። ቅዱሱ ከዐፄ ገብረ መስቀልና ከአቡነ አረጋዊ ጋር ወደ ዙር አባ እንደ መጣና ዝማሬን በዚያ እንደ ደረሰ የአገሩ ሊቃውንት ይተርካሉ። ዝማሬ በሥርዓተ ቅዳሴ ከቅዱስ ቍርባን በኋላ የሚዜም ምስጋና ነው፤ ኅብስት፣ ጽዋዕ፣ መንፈስ፣ አኰቴትና ምስጢር ተብሎ በአምስት ይከፈላል። መዋሥዕት ደግሞ በጸሎተ ፍትሐትና በሙታን መታሰቢያ ይባላል። ይህን ትምህርት የሚሻ ተማሪ እስከ ዛሬ ዙር አባን የሚናፍቀው ቅዱሱ ራሱ ወንበር የዘረጋበት ቦታ ነው ብሎ ስለሚያምን ነው።

የምስክሩ ሥርዓት እንዴት እንደሆነ ጥቂት እንመልከት። ተማሪው ከቤተሰቡ ተለይቶ፣ ደበሎ ለብሶና አኮፋዳ ይዞ ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው እየዞረ ይማራል። በዜማ ቤት ጾመ ድጓውን፣ ምዕራፉንና ድጓውን ከየኔታ ፊት ተቀምጦ በቃሉ ይይዛል። ጥቂት ከፍ ሲል ታናናሾቹን ያስጠናል፤ ስለዚህ ገና ተማሪ ሳለ ማስተማርን ይለማመዳል። የኔታም እርሱ ያስጠናቸው ልጆች ሲያዜሙ ሰምተው የአስጠኚውን ብርታትና ድካም ያውቃሉ። በጥንቱ ልማድ ድጓውን በገዛ እጁ መጻፍ ነበረበት። ብዙ ዓመት ከደከመ በኋላ ወደ ቤተ ልሔም ይሄዳል፤ በዚያም የዜማውን ስልት፣ የምልክቱንም አገባብ በመምህሩ ፊት አንድ በአንድ ያሳያል። ጐደሎ ቢገኝበት እንደገና ይማራል። ሲሞላለት መምህሩ ይመሰክሩለታል፤ እርሱም አስመሰከረ ይባላል። ከዚያ በኋላ በሄደበት አገር ወንበር ዘርግቶ ማስተማር ይችላል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር አለ። ምስክር የሚለው ቃል ከሰው አፍና ከሰው ኅሊና የሚወጣ ነው። የሚመሰክሩት መምህር ስለዚያ ሰው ስማቸውን ይሰጣሉ፤ የተመሰከረለት ሰው ቢያሳስት ኀፍረቱ ለእርሳቸውም ይተርፋል። ትምህርቱ ሳይበላሽ ከዘመን ወደ ዘመን የተሻገረው በዚህ ሰንሰለት ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክቶች በተድባበ ማርያም እንዳደራጁ ታሪክ ያወሳል። ምልክቱ በብራና ላይ ከተጻፈ በኋላም ተማሪው ብራናውን ይዞ ከመምህር ፊት መቀመጡን አልተወም።

ወደ ቅዱሱ ሕይወት እንመለስ። አንድ ቀን ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የተደገፈውን ጦር ሳያውቅ በቅዱሱ እግር ላይ ተከለው። ደሙ ፈሰሰ፤ ዘማሪው ግን ምስጋናውን እስኪፈጽም አልተሰማውም። ንጉሡ ባየ ጊዜ ደነገጠ፤ ስለ ፈሰሰው ደም የሚሻውን ሁሉ እንዲለምነው ነገረው። ያሬድ ወርቅ ወይም ሹመት መለመን ይችል ነበር። እርሱ ግን ንጉሡን ካስማለው በኋላ መንኩሶ ወደ በረሃ እንዲሄድ እንዲያሰናብተው ጠየቀ። ንጉሡና መኳንንቱ አዘኑ፤ ነገር ግን መሐላ ስለ ነበረ ከለከሉት ማለት አልተቻለም።

ቅዱስ ያሬድ ወደ ስሜን ሄደ። በዚያም በጾምና በጸሎት ተጋደለ፤ ወደ እርሱ ለመጡትም ደቀ መዛሙርት ትምህርቱን አስተላለፈ። ትውፊት ዕረፍቱን በ571 ዓ.ም. ያደርገዋል፤ መታሰቢያውም ግንቦት 11 ቀን ይከበራል። የቤተ መንግሥቱ ዘማሪ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ንጉሡ ደስ ይለው ነበር። በተራራ ላይ መምህር ሆኖ በማረፉ ግን ተማሪ ተወ፤ ተማሪውም ሌላ ተማሪ ተወ።

ክቡራን ምእመናን፣ በየቁምስናው ትምህርተ ክርስቶስ የምታስተምሩ ወንድሞችና እኅቶች፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ብዙ ልጆችም ለዓመታት ከደብተራቸው ተለይተዋል። እነዚህ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲመለሱ ዕድሜያቸው ገፍቶ፣ የተማሩትን ረስተው፣ ከታናናሾቻቸው ጋር ለመቀመጥ አፍረው ይመጣሉ። በዚያ ቀን በሩ ላይ የሚቆመው መምህር ማን ይሆን? ዲፕሎማውን የያዘ ሁሉ መግባት ይችላል፤ ነገር ግን የዘገየውን ልጅ ካቆመበት ቦታ ለመጀመር ትዕግሥት የሚያስፈልገው ሥራ ነው።

ስለዚህ ማስተማርን የምትማሩ ወጣቶች ሆይ፣ ትምህርታችሁን ጠንቅቃችሁ እወቁ፤ ፈተናውንም አትሽሹ፤ የሚመሰክርላችሁን ሰው ስም ጠብቁ። ትምህርቱ አልገባ ብሎ የተቸገራችሁበትን ጊዜም አትርሱ፤ አንድ ቀን ከፊታችሁ የሚቀመጥ ልጅ ያንኑ ችግር ይዞ ይመጣልና። እናንተም የዘገየ ልጅ በቤታችሁ ያላችሁ ወላጆች፣ ከትምህርት አታስወጡት። አባ ጌዴዎን በሸሸው ልጅ ላይ በራቸውን ቢዘጉ ኖሮ በቤተ ልሔምና በዙር አባ ዛሬ የሚማር ተማሪ ባልኖረ ነበር።

የቅዱስ ያሬድ ጸሎት ለመምህራኖቻችንና ለልጆቻችን ይሁን። አሜን።