አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ፦ ወፍጮ እየፈጨ የጸለየው ሊቅ

 

በዛሬው ትምህርታችን የአንድ ታላቅ አባት ታሪክ እንማራለን። ከመጀመራችን በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ጓደኛህ ዳዊት ደግሞ ሲጨርስ አንተ ገና በንባብ ላይ ቀርተህ አፍረህ ታውቃለህ? አንቺስ ትምህርቱ አልገባሽ ብሎ ተደብቀሽ አልቅሰሽ ታውቂያለሽ? እንግዲያው ይህ ታሪክ ለእናንተ ነው።

የእኛ ዲማ ጊዮርጊስ የታወቀ የቅኔ አገር ነው። ብዙ የቆሎ ተማሪዎች ከሩቅ መጥተው፣ ደበሎ ለብሰው፣ በየደጁ በእመቤታችን ስም ቁራሽ እየለመኑ ተምረውበታል። ከተማሪዎች መካከል ቶሎ የሚገባው አለ፤ ዘግይቶ የሚገባውም አለ። ከዓባይ ማዶ በወሎ በኩልም፣ ከ600 ዓመት በፊት፣ ትምህርት የዘገየበት አንድ ልጅ ነበር። ስሙ ጊዮርጊስ ይባላል።

ጊዮርጊስ በ1357 ዓ.ም. ገደማ ዛሬ ወሎ በሚባለው አገር፣ ሸግላ በተባለ ቦታ ተወለደ። አባቱ ሕዝበ ጽዮን የተማረ ካህን ነበር። እናቱ እምነ ጽዮን ትባላለች። ልጃቸው በእግዚአብሔር ቤት እንዲያድግ ስለ ፈለጉ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ላኩት። ይህ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት፣ ብዙ ቅዱሳን የወጡበት ትልቅ የትምህርት ቦታ ነው።

ነገር ግን ልጁ ትምህርት አልገባው አለ። ሌሎቹ ሲያልፉ እሱ ይቀር ነበር። ገድሉ እንደሚተርክልን፣ መምህሩ ተስፋ ቆርጠው አባቱን ልጅህን ውሰድ አሉት። አባቱ ግን አንድ ጊዜ ለእግዚአብሔር የሰጠሁትን ልጅ መልሼ አልወስድም ብሎ ተወው።

ልጆች፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ጊዮርጊስ አልኮበለለም፤ በጓደኞቹም አልቀናም። መማር ባይሆንልኝ ማገልገል አያቅተኝም ብሎ ለገዳሙ እህል ይፈጭ ጀመር። በአገራችን ወንድ ልጅ ወፍጮ ሥር መቀመጥ እንደ ነውር ሲቆጠር እንደ ኖረ ታውቃላችሁ። እሱ ግን አላፈረም። መጁን እየገፋ፣ ላቡን እየጠረገ፣ ጥበብን እንድታሰጠው እመቤታችንን ይለምን ነበር። እንዲህ ሲሆን ሰባት ዓመት አለፈ። ከዚያ በኋላ እመቤታችን ተገልጣ ጽዋ አጠጣችውና ልቡናው በራ፤ ያልገባው ሁሉ ተገለጠለት ይላል ገድሉ።

ከዚያ በኋላማ ማን ይቻለው! ብዙ መጻሕፍትን ደረሰ። ሌሊት በቤተ ክርስቲያናችን የሚቆመው ሰዓታት የእሱ ድርሰት ነው። እናንተ ተኝታችሁ ሳለ ካህናቱ የሚጸልዩት፣ ያ ወፍጮ ፈጪ ልጅ አድጎ የደረሰውን ነው። ኆኅተ ብርሃንና ውዳሴ መስቀልም የእሱ ናቸው።

ከሁሉ የሚበልጠው ድርሰቱ መጽሐፈ ምሥጢር ይባላል። በዚህ መጽሐፍ እንደ ሰባልዮስ፣ እንደ አርዮስና እንደ ንስጥሮስ ላሉ መናፍቃን መልስ ሰጥቶበታል። ሰባልዮስ አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ ሦስት ስም ያለው አንድ አካል ነው ይል ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ግን ሥላሴ በስም፣ በአካል፣ በግብር ሦስት፣ በባሕርይና በመለኮት አንድ ናቸው ብላ ታስተምራለች። መምህራን ይህን ለልጆች ሲያስረዱ በፀሐይ ይመስሉታል፦ ፀሐይ ክበብ፣ ብርሃንና ሙቀት አላት፤ ፀሐይዋ ግን አንዲት ናት። ምሳሌ ከምሥጢሩ ያንሳል፤ ቢሆንም መንገዱን ያሳያል።

አባ ጊዮርጊስ ይህን እምነት በብራና ላይ ብቻ አልጻፈም፤ መከራም ተቀብሎበታል። በዐፄ ዳዊት ዘመን ቢቱ ከሚባል ሰው ጋር ስለ ሃይማኖት ተከራከረ። ክስም ተነሥቶበት እስከ መታሰር እንደ ደረሰ ገድሉ ይነግረናል። እሱ ግን ሹመትን ፈርቶ እውነትን አልሸሸገም።

በመጨረሻም በ1417 ዓ.ም. ገደማ፣ ሐምሌ 7 ቀን ዐረፈ። ሐምሌ 7 ምን በዓል እንደ ሆነ ታስታውሳላችሁ? የቅድስት ሥላሴ በዓል ነው። ስለ ሥላሴ የደከመው አባት በሥላሴ ቀን ታሰበ።

እንግዲህ ልጆች፣ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? ሃይማኖት በመጽሐፍ ብቻ፣ ወይም በቅኔ ማኅሌት ብቻ አይደለም። ጊዮርጊስ መጽሐፈ ምሥጢርን ከመጻፉ በፊት ወፍጮ ሥር መታዘዝን ተምሮ ነበር። እናንተም ለእናታችሁ ውኃ ስትቀዱ፣ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ስትጠርጉ፣ ከብት ስትጠብቁ መጸለይ ትችላላችሁ። ማዕድ ቀርቦ ስታማትቡ የሥላሴን ስም ትጠራላችሁ፤ ይህም አባ ጊዮርጊስ የታሰረለት እምነት ነው። ትምህርት የዘገየበት ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ አትሳቁበት። እግዚአብሔር ለማን ምን እንዳዘጋጀ አታውቁምና።

የአባታችን የአባ ጊዮርጊስ በረከት ይደርብን። አሜን።

ጥያቄዎች

1. ጊዮርጊስ የተማረበት ገዳም ማን ይባላል?
2. ትምህርት ባልገባው ጊዜ ምን ሥራ ሠራ?
3. ከደረሳቸው መጻሕፍት ሦስቱን ጥቀሱ።
4. በዚህ ሳምንት በቤታችሁ ሳታፍሩ የምትሠሩት አገልግሎት ምንድን ነው?