የእርሳስ ባትሪ አባት፤ ጋስቶን ፕላንቴ

መብራት ድርግም ሲል «ጢጥ ጢጥ» እያለ የሚያስጠነቅቀንን ጥቁር ሳጥን፣ ዩ.ፒ.ኤስ. የምንለውን፣ የማያውቅ የቢሮ ሠራተኛ ዛሬ የለም። ሳጥኑን አንስቶ ክብደቱ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሽፋኑ ሲከፈት ጡብ የምታህል ባትሪ አለች፤ በውስጧም ያለው እርሳስ ነው። እርሳስ ስል የምንጽፍበትን ሳይሆን ማዕድኑን ነው። ይህ ማዕድን ኤሌክትሪክን አጠራቅሞ መልሶ ሊሰጥ እንደሚችል ለዓለም ያሳየው ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ ነው። የዛሬው ጽሑፌ የእሱን ሕይወት ይመለከታል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኛ የቆጋ ሰዎች ማጠራቀም ምን እንደሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የቆጋ ግድብ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይይዛል፤ የታቀደውም በክረምት የሞላው ውሃ በበጋ 7,000 ሄክታር መሬት እንዲያለማ ነው። ከግድቡ በታች ደግሞ የሌሊት ማጠራቀሚያ ኩሬዎች አሉ። ገበሬው ተኝቶ ሳለ በቦዩ የወረደው ውሃ እዚያ ይቆይና ሲነጋ ወደ ማሳው ይለቀቃል። ኤሌክትሪክ ግን እንዲህ በኩሬ አይቆይም። ጢስ ዓባይ በ1964፣ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ደግሞ በ2010 ሥራ ጀምረዋል። ነገር ግን መስመሩ የተቋረጠ ዕለት ጣና አጠገባችን ሞልቶ ተኝቶ እኛ በጨለማ እንቀመጣለን።

ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም። ከቆጋ ዙሪያ በእግሩ ተነስቶ ማመልከቻ ሊያስጽፍ መራዊ የገባ ገበሬ፣ ጽሑፉ ሊያልቅ ሁለት መስመር ሲቀረው መብራት ጠፍቶ ቢሰረዝበት ቀጠሮው ያልፍበታል። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው አሥር ደቂቃ ብቻ ነው። አሥር ደቂቃዋን ያገኘንለት ደግሞ ፕላንቴ ነው።

ፕላንቴ የተወለደው ኤፕሪል 22 ቀን 1834 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ኦርቴዝ በምትባል ከተማ ነው። ዘመኑ በእኛ አገር ራስ አሊ ደብረ ታቦር የነበሩበት፣ ዘመነ መሳፍንት ገና ያልተገባደደበት ነበር። ወንድሙ ፍራንሲስ በኋላ ስመ ጥር ፒያኒስት ሆኗል። ጋስቶን ግን ልቡ ወደ ሳይንስ አዘነበለና በ1854፣ በ20 ዓመቱ፣ ፓሪስ በሚገኘው የጥበብና የእደ ጥበብ ተቋም የፊዚክስ ሊቁ የኤድሞን ቤከሬል ረዳት ሆኖ ተቀጠረ።

ዝናው መጀመሪያ የመጣው ከኤሌክትሪክ አለመሆኑ ይገርማል። በ1855 ከፓሪስ ወጣ ብላ በምትገኘው መዶን ውስጥ ከአፈር ሥር የአንድ ግዙፍ ወፍ አጥንት አገኘ። ወፉ መብረር የማይችል፣ ከምድረ ገጽ ከጠፋ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዓመታት ያለፉት ነበር። ተመራማሪዎችም ለወጣቱ ክብር ሲሉ «ጋስቶርኒስ» አሉት፤ የጋስቶን ወፍ እንደ ማለት ነው። እዚያው ቀጥሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ አጥንት በሆነ ነበር።

በዚያን ጊዜ ባትሪ አልነበረም ማለት አይደለም። ጣሊያናዊው ቮልታ በ1800 የመጀመሪያውን ለዓለም አሳውቆ ነበር። ሆኖም የቮልታም ሆነ ከእሱ በኋላ የመጡት ባትሪዎች እንደ ሬዲዮ ድንጋይ ነበሩ፤ ውስጣቸው ያለው ብረት ተበልቶ ሲያልቅ አለቁ። ፕላንቴ የተመራመረው ሌላ ነገር ነው። በአሲድ ውስጥ በቆሙ ሁለት ብረቶች ኤሌክትሪክ ካሳለፉ በኋላ ምንጩ ሲነቀል፣ ብረቶቹ ለጥቂት ጊዜ በተቃራኒው አቅጣጫ ኤሌክትሪክ ይመልሳሉ። ብዙዎች ይህን እንደ እንከን ያዩት ነበር። እሱ ግን ከወርቅና ከብር ጀምሮ ልዩ ልዩ ብረቶችን እያፈራረቀ የትኛው አብልጦ፣ የትኛው አስረዝሞ እንደሚመልስ አወዳደረ። አሸናፊው ርካሹ እርሳስ ሆነ።

እናም በ1859 ሁለት ስስ የእርሳስ ቅጠሎችን በመካከላቸው ጨርቅ አድርጎ እንደ እንጀራ ጠቀለላቸውና አንድ አሥረኛ ያህል ሰልፈሪክ አሲድ በተቀላቀለበት ውሃ ውስጥ ነከራቸው። ኤሌክትሪክ ሲገባበት የአንደኛው ቅጠል ገጽ ወደ ቡናማ ኦክሳይድ ይለወጣል፤ ሌላው ግራጫ እርሳስ ሆኖ ይቀራል። ምንጩ ሲነቀል ሁለቱም ወደ እርሳስ ሰልፌት እየተለወጡ የተቀበሉትን ይመልሳሉ። እንደገና ሲሞላ እንደገና ይሰጣል። የአንዱ ክፍል ጉልበት 2 ቮልት ገደማ ነው። በ1860 ዘጠኙን አንድ ላይ አያይዞ ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ። በእኛ ዩ.ፒ.ኤስ. ውስጥ ያለችው ባለ 12 ቮልት ባትሪም ያው ናት፤ በውስጧ ስድስት ክፍሎች አሏት።

ዓለም ግን ወዲያው አልተቀበለውም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በምን ይሞላል? ጄኔሬተር የሚባል አስተማማኝ ነገር ስላልነበረ ፕላንቴ ባትሪውን የሚሞላው በሌላ፣ ዚንክ በሚበላ ባትሪ ነበር። ውሃ በባልዲ እየቀዱ ግድብ እንደ መሙላት ነው። ግራም የተባለው ቤልጅየማዊ ዲናሞውን ያስተዋወቀው በ1871 ነው።

ሁለተኛው ችግር ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር። አዲስ እርሳስ ብዙ አይዝም። መሙላት፣ ማራገፍ፣ አቅጣጫ ገልብጦ እንደገና መሙላት፣ ማሳረፍ፤ ይህ ለወራት ሲደጋገም ነው ገጹ እየተቦረቦረ የመያዝ አቅሙ የሚያድገው። ፕላንቴ ይህን ሥራ ሳይሰለች ዓመታት ገፋበት።

እዚህ ላይ ወደ ቢሯችን ልመለስ። እኛ ዩ.ፒ.ኤስ. ስንገዛ የሚጎድለን ይኸው የፕላንቴ ትዕግሥት ነው። ከካርቶኑ እንደወጣ ሳይሞላ ሥራ ይጀምራል፤ ከዚያም ካውያና ሌዘር ፕሪንተር ይሰካበታል። መብራት ሲጠፋ አጥፍቶ በመውጣት ፈንታ ባትሪው እስኪሞት ይሠራበታል፤ መብራት እስኪመለስም ባዶውን ለቀናት ይቀመጣል። ባዶ በቆየ የእርሳስ ባትሪ ውስጥ ያ ሰልፌት እየደነደነ ይሄድና በኋላ ቢሞሉትም አይሟሟም። ሙቀትም ጠላቱ ነው፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። በባሕር ዳር ሙቀት ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መደርደሪያ ላይ መስቀሉ ስለዚህ አያዋጣም። ስሌቱም ቢታወቅ መልካም ነው፤ የተለመደችው ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ የምትይዘው 84 ዋት ሰዓት ነው። 100 ዋት ለሚበላ ኮምፒውተር በወረቀት ላይ 50 ደቂቃ ይመስላል፤ በፍጥነት ስትራገፍ ግን አቅሟ ስለሚያንስ በተግባር ግማሽ ሰዓትም ላይሞላ ይችላል። ባትሪዋ ስትደክም ደግሞ የምትለወጠው እሷ ናት እንጂ ሳጥኑ አይጣልም። አሮጌዋን ከሰል ላይ አቅልጦ እርሳሱን ማውጣት የልጆችን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ማጨስ ነውና ለገዙበት ሱቅ መመለስ ይሻላል።

የፕላንቴን ድካም ያሳጠረው የአገሩ ሰው ካሚል ፎር ነው። በ1881 እርሳሱን በኦክሳይድ ሊጥ እየቀባ ወራት የሚወስደውን ሥራ አፋጠነው። በዚያው ዓመት ከፓሪስ የተላከ አንድ ሣጥን ሙሉ ባትሪ ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ደርሶ የፊዚክስ ሊቁን ዊልያም ቶምሰንን አስደንቋል፤ ኤሌክትሪክ ተጭኖ ባሕር ሲሻገር ማለት ነው። ባቡር ጣቢያ ላይ ሲቆም የፉርጎዎቹ መብራት እንዳይጠፋም የእርሳስ ባትሪ አገልግሏል፤ ይህም ዛሬ ዩ.ፒ.ኤስ. የሚሠራው ሥራ ነው።

ገበያው ለሌሎች ሲደራ ፕላንቴ ቤተ ሙከራውን አልለቀቀም። 800 ያህል ባትሪዎችን ደርድሮ የመብረቅን ጠባይ አጠና፤ የምርምሩን ውጤትም በ1879 በመጽሐፍ አሳተመ። እኔን ደስ የሚለኝ ግን አንዲት ትንሽ ሥራው ናት፤ በባትሪ የምትሠራ የሻማ መለኮሻ፣ «የሳተርን መለኮሻ» ያላት። ስሟን ያወጣላት የጥንት ጠቢባን እርሳስን ከሳተርን ጋር ያያይዙት ስለነበር ነው።

በ1889 በመጋቢት አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። በዚያው ዓመት ሜይ 21 ቀን ፕላንቴ በ55 ዓመቱ ቤልቪው ውስጥ አረፈ። ቤልቪው ያለችው መዶን ውስጥ ነው፤ በወጣትነቱ የወፉን አጥንት ያገኘባት ያችው መዶን። የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚም በኤሌክትሪክ ምርምር ለላቁ ሰዎች በስሙ የተሰየመ ሽልማት ይሰጥ ነበር።