ናትናኤል ሃይሞር፦ የላይኛው መንጋጋን ሳይነስ ያስተዋወቀው ሐኪም

የላይኛው መንጋጋ ጥርስዎ ከወለቀ ቆይቶ ለጥርስ ተከላ (ኢምፕላንት) ሲሄዱ፣ አጥንቱ ስለሳሳ መጀመሪያ በሳይነሱ ሥር አጥንት መጨመር ያስፈልጋል ተብለው ይሆናል። ጉንጭዎ ውስጥ ባዶ ክፍተት እንዳለ መስማት ያስደነግጣል። አንዲት እንግሊዛዊት ከ370 ዓመት በፊት በዚሁ ክፍተት ደንግጣ ወደ ሐኪሟ ሄዳ ነበር።

ሐኪሟ ናትናኤል ሃይሞር በ1613 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በደቡብ እንግሊዝ፣ በፎርዲንግብሪጅ ተወለደ። ኦክስፎርድ ውስጥ በትሪኒቲ ኮሌጅ ተማረ፤ የደም ዝውውርን ካስረዳው ከዊልያም ሃርቪ ጋርም እዚያ ተዋወቀ። ከዚያ በሸርቦርን ከተማ በ1685 እስኪሞት ድረስ ሕሙማንን ሲያክም ኖረ።

በ1651 ባሳተመው የሰውነት አካል መጽሐፉ የሴትየዋን ታሪክ ጽፏል። ሕመም የበዛባት ሴት ነበረች። ክራንቻዋ ሲነቀል ከአጥንቱም ቁራሽ አብሮ ወጣና በቀዳዳው ፈሳሽ ይወርድ ጀመር። በብር ወስፌ ብትነካካው ወደ ላይ ጠልቆ ገባ። ቀጥላ የላባ ዘንግ ብትከት ሙሉው ለመግባት ጥቂት ቀረው፤ አንጎሌ ደረሰ ብላ ፈራች። ሃይሞር ሲያየው ላባው ክፍተቱ ውስጥ ተጠቅልሎ ነበር። ይህ ክፍተት በማንኛውም ሰው ዘንድ ያለ መሆኑን አስረዳት። ለእኔ ከመጽሐፉ ሁሉ ትልቁ ሥራው ይኸው ነው። ክፍተቱን ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ቀድሞ ሥሎት ነበር፤ ስሙ ግን ለረጅም ዘመን የሃይሞር ዋሻ ሆኖ ቀረ።

ጥርስ ሲወልቅ አጥንቱ ይሳሳል፣ ሳይነሱም ወደ ታች ይሰፋል። ስለዚህ ኢምፕላንቱ የሚይዘው ያጣል። አሜሪካዊው ሂልት ቴተም በ1970ዎቹ የጀመረው ዘዴ የሳይነሱን ስስ ሽፋን ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ከፍ በማድረግ ከሥሩ አጥንት መሙላት ነው። ቦይን እና ጄምስ በ1980 አሳተሙት። የተጨመረው አጥንት እስኪጠነክር ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 9 ወር ይጠበቃል፤ የቀረው አጥንት በቂ ከሆነ ግን ኢምፕላንቱ በዚያው ቀን ሊገባ ይችላል።

ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሊጠይቀው የሚገባ ነገር አለ፦ የሚጨመረው አጥንት ከራስዎ ነው፣ ከከብት ነው ወይስ ሰው ሠራሽ? አንዳንዱ መሸፈኛ ከአሳማ ይሠራል። አስቀድመው ቢጠይቁ ሐኪሙ ሌላ አማራጭ ሊያቀርብልዎ ይችላል። ሲጋራ ካጨሱም አይደብቁ፤ ቁስሉ እንዳይድን ያደርጋል።

ከደሴ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ጆሮዎ ድፍን ይላል፤ የአየር ግፊት ሳይነስንም እንዲሁ ይነካል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ መቼ አውሮፕላን መሳፈር እንደሚችሉ ሐኪምዎን ይጠይቁ። አፍንጫዎን አይናፈጡ፣ ሲያስነጥስዎ አፍዎን ይክፈቱ። የጠጡት ውሃ በአፍንጫ ቢመጣ፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ቢወርድ ወይም ደም አልቆም ቢል፣ የቀጠሮ ቀን ሳይጠብቁ ወደ ሐኪምዎ ይመለሱ።