ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና የባሕር ዛፍ ሥራ

የሕንፃ ሥራ በሚካሄድበት ቦታ ሁሉ አጣና አይታጣም። ዛሬ ብረቱ እየተተካ ቢሆንም፣ በብዙ ቦታ መወጣጫው የሚታሠረው በአጣና ነው፤ የጭቃ ቤቱም ቋሚ፣ ማገርና ወራጅ የሚወጣው ከዚያው ከባሕር ዛፍ ነው። ስለዚህ የዚህ ዛፍ ታሪክ ለማኅበራችን አባላት እንግዳ ሊሆን አይገባም። ስለ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ሲወሳ ዐድዋ፣ የባቡር ሐዲድና ስልክ ይቀድማሉ። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን ንጉሠ ነገሥቱ ስለ ዛፍና ስለ ሥራ ያደረጉትን፣ እንዲሁም ሳይደረግ የቀረውን ነው።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ኃይለ መለኮት፣ አያታቸው የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ነበሩ። በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ አባታቸው ሞቱ፤ ልጁም ወደ መቅደላ ተወሰዱ። እዚያ አሥር ዓመት ያህል ቆይተው በ1857 ዓ.ም. አመለጡና የአባታቸውን ዙፋን ያዙ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ። ዘመኑ ከብት በበሽታ ያለቀበት፣ ሕዝብ በረኃብ የረገፈበት ክፉ ቀን ነበር። ምኒልክ በሬ ያጣው ገበሬ እጁን አጣጥፎ እንዳይቀመጥ ራሳቸው ዶማ ይዘው ሲቆፍሩ አርኣያ እንደ ሆኑ ይነገራል።

የቀድሞ ነገሥታት ከተማ የሚነሣው ብዙ ጊዜ በማገዶ እጥረት ምክንያት ነበር። ሠራዊቱና ተከታዩ በሰፈረበት ዙሪያ ጥዱና ወይራው ይመነጠራል፤ እንጨቱ ሲያልቅ ሰፈሩ ይለቀቃል። በ1879 ዓ.ም. የተቈረቈረችው አዲስ አበባም ይኸው ዕጣ ደረሰባት። ምኒልክ በ1892 ዓ.ም. ገደማ ወደ ምዕራብ ፊታቸውን መልሰው በአዲስ ዓለም ቤተ መንግሥት ማሠራት የጀመሩት ደን ፍለጋ ነበር። ከአዲስ አበባ ወደዚያ የተዘረጋው መንገድም ከአገራችን የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ሆነ። ዋና ከተማው ግን አልተዛወረም፤ የአዲስ ዓለሙም ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ከተማዋን በቦታዋ ካቆዩት ምክንያቶች አንዱ ባሕር ዛፍ ነው። የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ የሆነው ይህ ዛፍ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን ሲገባ፣ አስመጪው ሞንዶን ቪዳዬ የተባለ ፈረንሳዊ እንደ ነበረ ይታመናል። ምኒልክ ችግኙ በርካሽ እንዲታደል፣ ዛፉ የተተከለበትም መሬት ከግብር እንዲድን ማድረጋቸውን የታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ዛፉ በጥቂት ዓመታት ለቆረጣ ይደርሳል፤ ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። በዚህም የተነሣ የከተማዋን ዙሪያ በአጭር ጊዜ ሸፈነው።

በዚህ ላይ የጉራጌ ወጣት ይመጣል። የጉራጌ አገር በምኒልክ ግዛት ሥር የተጠቃለለው ያለ ደም አልነበረም፤ በዛሬይቱ ወልቂጤ አካባቢ የቀቤናው ሐሰን እንጃሞ እስከ 1881 ዓ.ም. ገደማ በብርቱ ተዋግቷል። ከዚያ በኋላ የዚያ አገር ወጣቶች ወደ አዲሲቱ ከተማ እየወጡ በሸክም፣ በቁፋሮና በግንባታ ሥራ ተሠማሩ። የእጅ ሥራ በሚናቅበት በዚያ ዘመን ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ እንዳይሰደብ በዐዋጅ መከልከላቸው ትልቅ ነገር ነበር። ይሁን እንጂ ዐዋጁ ስድብን ከለከለ እንጂ ሙያ አላስተማረም።

ባሕር ዛፉም ወደ ጉራጌ ገጠር ዘልቆ ከእንሰቱ ጓሮ ጎን ቆመ። ዛሬ በወልቂጤም በቡታጅራም መንገድ አጣና የጫነ መኪና ማየት የተለመደ ነው። ለብዙ ቤተሰብ የቆመው ባሕር ዛፍ እንደ ተቀማጭ ገንዘብ ነው፤ ለትምህርት፣ ለሕክምናና ለመስቀል በዓል ወጪ ሲያስፈልግ ይሸጣል። ጉዳቱም የታወቀ ነው፤ ውኃ አብዝቶ ይጠጣል፣ ከሥሩ ሌላ አዝርዕት እንደ ልብ አያበቅልም። ምንጭ ዳር ሲተከል ጉዳቱ ይብሳል። በዚሁ ሥጋት በምኒልክ የመጨረሻ ዘመን አብዛኛው ባሕር ዛፍ ተነቅሎ በቦታው የእንጆሪ ዛፍ እንዲተከል ትእዛዝ ወጥቶ ነበር፤ ነገር ግን በሥራ ላይ አልዋለም። ሕዝቡ የሚጠቀምበትን ዛፍ፣ ምትኩ ሳይሰጠው በትእዛዝ ብቻ ንቀል ቢሉት አይነቅልም።

ምኒልክ ለረጅም ጊዜ ታመው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ዛፉን አስፋፍተዋል፤ ዛፉን በሙያ የሚይዝ ሰው ማሠልጠን ግን ለተከታዩ ትውልድ ተረፈ። በወንዶ ገነት የደን ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1970 ዓ.ም. ነው፤ ዛፉ ከገባ ሰማንያ ዓመት ካለፈ በኋላ ማለት ነው።

ከዚህ ሕይወት የምንማረው ይህን ነው። ችግኝ ማደል ቀላል ነው፤ የሚከብደው ችግኝ የሚያፈላ፣ ባሕር ዛፉን ከምንጭ አርቆ የሚተክል፣ የጉራጌን ተራራ ተዳፋት በእርከን የሚይዝ፣ ዝግባውንና ኮሶውን የሚመልስ ሠልጣኝ ወጣት ማፍራትና ደመወዝ እንዲያገኝ ማድረግ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ በአገሩ ካላገኘ ወጣቱ እንደ አያቱ ወደ ከተማ ይሄዳል፤ ተዳፋቱም ጠባቂ ያጣል። እኛ መሐንዲሶች አጣናውን በብዛት የምንገዛ ነን። በደንብ የተያዘ፣ በጊዜው የተቆረጠና የደረቀ እንጨት ለይተን ተገቢውን ዋጋ ብንከፍል፣ የሠለጠነው ወጣት ሙያ ገበያ ያገኛል። ንጉሠ ነገሥቱ የጀመሩትን ሥራ በእኛ በኩል የምንጨርሰው በዚህ ነው።