የመምህርት አስቴር ጋኖ የሕይወት ታሪክ

የታላላቅ ሰዎች ታሪክ በተጻፈ ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሚመረጡት ጦር የመሩ ወይም ዙፋን የወረሱ ናቸው። እኔ ለውድ አንባቢዎቼ ለማቅረብ የመረጥኋቸው ሴት ግን ጦር አልመሩም፤ ዙፋንም አልነበራቸውም፤ በልጅነታቸው እንደ ዕቃ ለገበያ የተነዱ ሰው ነበሩ። ከአገራቸው ይዘውት የወጡት ሀብት ማንም ሊቀማቸው የማይችለው፣ በልባቸው የነበረው ተረት፣ ዘፈን፣ ምሳሌና እንቆቅልሽ ብቻ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አስቴር ጋኖ የተወለዱት በ1872 ገደማ ከኦሮሞ ወገን፣ ከነጻ ቤተሰብ ነው። በኋላ ግን የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ አደረጋቸው። ሊሙ ከእኛ አገር እጅግ የራቀ አይደለም። ከወልቂጤ ተነሥቶ ወደ ጅማ የሚጓዝ ሰው የጊቤን ድልድይ ከተሻገረ በኋላ በስተቀኙ ያለው አገር ወደዚያው ያደርሰዋል፤ ደኑ የለመለመ፣ ቡናው የታወቀ አገር ነው። በዚያ ዘመን የነበረው የባሪያ ንግድ የጉራጌንም ልጆች ሳይቀር የፈጀ ክፉ ንግድ ስለ ነበረ፣ የአስቴር መከራ የብዙ ወላጆችን ቤት ያንኳኳ መከራ ነው።

ነጋዴዎቹ አስቴርን ወደ ባሕር ወስደው በዐረብ አገር ሊሸጧቸው በጀልባ ጫኗቸው። በ1886 የኢጣልያ መርከቦች ያንን ጀልባ በባሕር ላይ ያዙትና በውስጡ የነበሩት ነጻ ወጡ። ነጻ መውጣት ግን ወደ ቤት መመለስ አልነበረም። ልጅቷ የተወሰዱት በምጽዋ አጠገብ ወደምትገኘው ወደ እምኩሉ፣ የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ወዳቋቋመው ትምህርት ቤት ነው። እምኩሉ ቆላ ነው፤ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ምድሩ ደረቅ ነው። ከሊሙ ደን ለመጣ ልጅ ከዚህ የበለጠ ባዕድ ምድር ማሰብ ያስቸግራል።

በዚያ ግን አንድ የቋንቋቸው ሰው አገኙ። አቶ ኦኔሲሞስ ነሲብ በኢሉባቦር ተወልደው፣ እንደ እርሳቸው በልጅነታቸው ተሰርቀው የተሸጡ፣ በ1870 በምጽዋ ነጻ የወጡና በስዊድን አገር አምስት ዓመት የተማሩ ሰው ነበሩ። አቶ ኦኔሲሞስ የልጅቷን የአእምሮ ስለትና ለኦሮምኛ ያላቸውን ጥሩ ጆሮ ወዲያው ተገነዘቡ። ስለዚህም የቋንቋውን መዝገበ ቃላት የማዘጋጀቱን ሥራ ሰጧቸው። ያም መዝገበ ቃላት በ1893 የታተመውን የሐዲስ ኪዳን ትርጉም ለማረም ረዳ።

ከሁሉ ይልቅ የእኔን ልብ የሚስበው ግን ሌላው ሥራቸው ነው። መምህርት አስቴር በልጅነታቸው የሰሙትን ከአእምሮአቸው እያወጡ አምስት መቶ ያህል ተረት፣ ምሳሌ፣ እንቆቅልሽና ዘፈን በጽሑፍ አሰፈሩ። ከእናትና ከአባት፣ ከደንና ከጅረት ተለይቶ በትኩስ አሸዋ ላይ ለሚኖር ሰው የልብ ዕረፍት ከየት ይመጣል? ለእርሳቸው የመጣላቸው ከዚህ ሥራ ይመስለኛል። አንድ ተረት ሲታወስ ብቻውን አይመጣም፤ የምድጃው ጢስ፣ ወደ በረት የሚገባው ከብት፣ የተራኪዋ ድምፅ አብሮት ይመጣል። የአገራቸውን መንገድ በእግራቸው መሄድ ቢከለከሉም በቃል ይሄዱበት ነበር ማለት ነው።

ይህን የመሰለ ሥራ አስተማሪዎቻቸው በመጡበት በሰሜን አውሮፓም ተሠርቶ ነበር። የስዊድን ጎረቤት በሆነችው በፊንላንድ ኤልያስ ሎንሮት የሚባል፣ የልብስ ሰፊ ልጅ የነበረ ሐኪም፣ በእግሩና በጀልባ ደኑንና ሐይቁን እያቋረጠ የሽማግሌዎችን ጥንታዊ ዜማ ይጽፍ ነበር። በዚያን ጊዜ የፊንላንድ ሊቃውንት የሚማሩትና የሚጽፉት በስዊድንኛ ስለ ነበረ፣ የገበሬው ቋንቋ እንደ ተራ ነገር ይቆጠር ነበር። ሎንሮት የሰበሰበውን አያይዞ በ1835 ካሌቫላ የተባለውን መጽሐፍ አወጣ፤ በ1849ም አስፍቶ አሳተመው። በዚያ ታሪክ ውስጥ ቫይናሞይነን የሚባል ጠቢብ ሽማግሌ ከትልቅ ዓሣ መንጋጋ በገና መሰል መሣሪያ ሠርቶ ሲመታ የዱር አራዊትና የሰማይ ወፎች ሊሰሙት ይሰበሰባሉ፤ በመጨረሻም ራሱ ሽማግሌው ያለቅሳል። ሰውና ዱሩ በአንድ ዜማ ሲታረቁ የሚያሳይ ስለ ሆነ እጅግ ደስ የሚል ትረካ ነው።

ሆኖም ሁለቱን ሳነጻጽር የአስቴር ሥራ የከበደ ሆኖ አገኘዋለሁ። ሎንሮት ዜማ ዐዋቂዎቹን በአገራቸው እየሄደ ይጠይቃቸው ነበር፤ የረሳውን የሚያስታውሰው ሽማግሌ አላጣም። እርሳቸው ግን ተመልሰው የሚጠይቁት መንደር አልነበራቸውም።

ከስብስቡ ብዙው በ1894 በእምኩሉ በሚሲዮኑ ማተሚያ ቤት በታተመው የኦሮምኛ ማስተማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። የተጻፈውም እኛ በምንጽፍበት በግዕዝ ፊደል ነው። ጀማሪ ተማሪ በራሱ ቋንቋ፣ የራሱን አገር ተረት እያነበበ ፊደል እንዲቆጥር መደረጉ በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። በ1899 መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ በኦሮምኛ ተተርጕሞ በስዊዘርላንድ ታተመ። በመጽሐፉ የፊት ገጽ ላይ የተጻፈው የአቶ ኦኔሲሞስ ስም ብቻ ነው። መምህርት አስቴር በትርጉሙ ሥራ አብረው ሲደክሙ የቆዩ ሆነው ሳለ ስማቸው አለመጠቀሱ፣ ምንም እንኳ የዘመኑ ልማድ ቢሆን፣ ትክክል ነው ብዬ ለመቀበል አልችልም።

እዚህ ላይ ወደ ገዛ አገራችን ዞር ብል አንባቢ ይቅር ይበለኝ። በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ የምንማር ልጆች የሲንደሬላን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንናገራለን፤ ከብቱ ከጀፎረው ላይ ወደ ቤት ከገባ በኋላ አያቶቻችን በምድጃ ዳር የሚያወሩትን ግን ስንቶቻችን ሙሉውን እናውቃለን? አቶ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ ቋንቋ የጻፉት የአንድ መንደር ታሪክ በ1964 በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ በአሜሪካ ታተመ። ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላውም የጉራጌን ተረትና ምሳሌ ሰብስበው በ1982 በጀርመን አገር አሳተሙ። ሁለቱም መጻሕፍት ክቡር ሥራ ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም ከዘቢዳር ተራራ እጅግ ርቀው ነው የታተሙት። በቤታችን ከእንሰቱ ጥላ ሥር የተቀመጡት አረጋውያን ገና ያልተጠየቁ ናቸው።

በ1904 መምህርት አስቴር ከአቶ ኦኔሲሞስና ከሌሎች የኦሮሞ ተወላጆች ጋር ከኤርትራ ተነሥተው ወደ ወለጋ ገቡ። ከሃያ ዓመት ያህል ስደት በኋላ ቋንቋቸው በገበያና በመንገድ ወደሚነገርበት አገር መድረሳቸው ነው። ትምህርት ቤቶች ተቋቋሙ፤ እርሳቸውም በነቀምቴ አስተማሪ ሆነው የአገሩን ልጆች ማንበብና መጻፍ አስተማሩ። በባሕር ዳር ብቻቸውን ያስታወሱትን ተረት አሁን በልጅነቱ ከእናቱ የሰማ ተማሪ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ በመጽሐፍ ያነበው ነበር።

አቶ ኦኔሲሞስ በ1931 ዐረፉ። መምህርት አስቴር ከእርሳቸው በኋላ ሠላሳ ዓመት ያህል ኖረው በ1960ዎቹ ውስጥ በእርጅና ዐረፉ።