ፒየር ቡጌር፤ የብርሃንን መድከም በቁጥር የለካ ሊቅ

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ላስታ የሚጓዝ ሰው በክረምት ጋሸና ሲደርስ ጉም ከወረደበት፣ ከፊቱ የሚመጣው የመኪና መብራት ከሩቅ ደብዝዞ፣ ሲቀርብ ግን ደምቆ ይታየዋል። ጉሙ በወፈረ ቁጥር መብራቱ ይደክማል። ይህን ሰው ሁሉ ያያል፤ ምን ያህል እንደሚደክም ጠይቆ መልሱን በሕግ ያሰፈረው ግን ፈረንሳዊው ፒየር ቡጌር ነው። በቧንቧ በሚያልፍ ፈሳሽ ውስጥ የሟሟውን ጨው ወይም አሲድ መጠን በጋማ ጨረር የምንለካው በዚሁ ሕግ ስለ ሆነ፣ የሊቁን ታሪክ ባጭሩ ማስታወስ ተገቢ ነው።

ቡጌር በ1698 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በብሪታኒ ጠረፍ በለ ክርዋዚክ ከተማ ተወለደ። አባቱ የባሕር ጉዞ ትምህርት መምህር ነበር፤ እርሱ ሲሞት ልጁ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ወንበሩን ወረሰ። በ1727 ስለ መርከብ ምሰሶ አተካከል ጽፎ የፓሪስን የሳይንስ አካዳሚ ሽልማት አገኘ። በዚያ ውድድር ከተሸነፉት አንዱ ወጣቱ ሌዎናርድ ኦይለር ነበር።

በዘመኑ ብርሃን የሚለካ መሣሪያ አልነበረም። ቡጌር ግን ዓይን የብርሃንን ብዛት በቁጥር መናገር ባይችልም፣ ጎን ለጎን የሚታዩ ሁለት ብርሃኖች እኩል መሆናቸውን እንደሚለይ ተገነዘበ። ስለዚህ ሻማ እያራቀና እያቀረበ የጨረቃን ብርሃን ከሻማው ጋር አስተያየ። በ1729 ባሳተመው መጽሐፍም ሕጉን ገለጸ፤ ይኸውም እኩል ውፍረት ያላቸው ንብርብሮች ከሚደርሳቸው ብርሃን እኩል እጅ ያስቀራሉ የሚል ነው። የመጀመሪያው ግማሹን ካሳለፈ፣ ከሁለተኛው በኋላ ሩቡ፣ ከሦስተኛው በኋላ አንድ ስምንተኛው ብቻ ይቀራል።

በ1735 የምድርን ቅርጽ ለመለካት ከተላከው ቡድን ጋር ወደ ደቡብ አሜሪካ ሄደ። እንደ ጋሸና ሁሉ ብርድና ጉም በማይለየው በኪቶ ደጋ ለዓመታት ደክሞ በ1744 ፓሪስ ገባ። በዚያ ስለ ተራሮች ስበት ያደረገው ምርምር ስሙን አቆይቶለታል፤ የስምጥ ሸለቆአችንን ስበት የሚያጠኑ ባለሙያዎችም የቡጌር አኖማሊ እያሉ ይጠሩታል።

የብርሃኑ ሥራ ዕድል ግን ሌላ ነበር። መጽሐፉን አስፋፍቶ ሲያዘጋጅ በ1758 ሞተ፤ ሥራው የታተመው በ1760 ነው። በዚያው ዓመት ላምበርት የቡጌርን ሥራ ጠቅሶ ሕጉን በሒሳብ አብራራ። በ1852 ደግሞ ቤር ብርሃኑ የሚደክመው በሟሟው ነገር መጠን ልክ ጭምር መሆኑን አሳየ። ከዚያ ወዲያ በብዙ የትምህርት መጻሕፍት ሕጉ የሁለቱን ስም ብቻ ይዞ ቀረ።

በ1900 ፖል ቪላር ጋማ ጨረርን ካገኘ በኋላ ሕጉ ብርሃን ወደማይዘልቅበት ገባ። በቧንቧው አንድ ጎን ሴዚየም 137 በእርሳስ ተሸፍኖ ይቀመጣል፤ በማዶው ያለው መሣሪያ ፈሳሹን አልፎ የመጣውን ጨረር ይቆጥራል። ፈሳሹ በከበደ ቁጥር የሚያልፈው ጨረር ያንሳል። መሣሪያው ፈሳሹን ስለማይነካ አሲድ አይበላውም፤ ጭቃማ ፈሳሽም አያግደውም። ሆኖም የሚነግረን የፈሳሹን እፍጋት እንጂ የሟሟውን ነገር ስም አይደለም። የሴዚየሙም ኃይል በየ30 ዓመቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ መጠናቸው በታወቀ ፈሳሾች አስቀድሞም፣ በየጊዜውም መመርመር አለበት።

ያልታወቀውን ከታወቀው ጋር ማስተያየት ቡጌር በሻማና በጨረቃ የሠራበት ዘዴ ነው። የሙያ ባልደረቦቻችን ሕጉን ሲያስተምሩ ከላምበርትና ከቤር አስቀድመው የእርሱን ስም ቢያነሡ፣ የቆየ ዕዳ መክፈል ይሆናል።