ጠባቂም መምህርም የነበረ ሠዓሊ፤ ፎቲስ ኮንቶግሉ

በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የሚሣለው ሥዕል የዓይን ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ፊደል ላልቈጠረው ምእመን ትምህርት፣ ለሚጸልየውም የልቡና ማረፊያ ነው። ስለዚህ የአሣሣሉ ሥርዓት ሲጠፋ ከትምህርቱም አብሮ የሚጠፋ አለ። ይህ እንዳይሆን ዕድሜውን ሙሉ ስለ ደከመው ስለ ግሪካዊው ሠዓሊ ስለ ፎቲስ ኮንቶግሉ በአጭሩ እንናገራለን፤ ዓመታቱንም በአውሮፓ አቈጣጠር እናኖራለን።

ፎቲስ በ1895 ዓ.ም. በታናሽ እስያ፣ አይቫሊ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ስለ ሞተ የገዳም አበምኔት የነበረው አጎቱ አሳደገው፤ ኮንቶግሉ የሚለውም ስም የእናቱ ወገን ስም ነው። በ1913 በአቴና የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ፤ ትምህርቱን ሳይፈጽም ወደ ፓሪስ ሄዶ የምዕራባውያንን ጥበብ ቀሰመ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ትውልድ አገሩ ቢመለስም፣ በ1922 የታናሽ እስያ ግሪኮች ከምድራቸው በተነቀሉ ጊዜ እርሱም ስደተኛ ሆኖ ወደ ግሪክ ተሻገረ።

በሚከተለው ዓመት ወደ አቶስ ተራራ ገዳማት ወጥቶ የጥንት አባቶችን ሥዕሎች እያየ ገለበጠ። በዚያ ዘመን በግሪክ አብያተ ክርስቲያናት የሠለጠነው የምዕራባውያን አሣሣል ነበር፤ የቀደመው ግን ጥላሸት ለብሶ እንደ ኋላ ቀር ይቈጠር ነበር። ፎቲስ ፓሪስን አይቶ ሳለ ከጥላሸቱ በታች ያለውን መረጠ።

ከዚህ በኋላ በአቴና በቢዛንታይን ሙዚየም የጥንት ሥዕሎች ጠባቂና አዳሽ ሆነ፤ በ1933 ወደ ግብፅ ተሻግሮ በካይሮ በቅብጥ ሙዚየም አገለገለ፤ በሚስትራም የጥንታውያኑን አብያተ ክርስቲያናት የግድግዳ ሥዕል አጸዳ። እኛ እንደምናስተውለው ይህ ጥበቃ ለእርሱ ሁለተኛ ትምህርት ቤት ነበረ፤ የቀደሙትን እጅ ሥራ በእጁ የሚያጸዳ ሰው የቀለሙን ሥርዓት ከራሳቸው ይማራልና።

የተማረውንም አልሸሸገም። በ1932 የቤቱን ግድግዳ ሲሥል ደቀ መዛሙርቱ ያኒስ ጻሩኺስና ኒኮስ ኤንጎኖፑሎስ አብረውት ሠሩ፤ ሁለቱም በኋላ በዓለማዊው ጥበብ ስመ ጥር ሆኑ። ሌሎች ግን በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ጸንተው የመምህራቸውን መንገድ አስፋፉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግሪክ በጠላት ተይዛ ረኀብ በጸና ጊዜ ቤተ ሰቡን ለመመገብ ያን ቤት ሸጠ። በገዛ እጁ የሣለውን ግድግዳ ትቶ ወጣ፤ ብሩሹን ግን አልጣለም። በአቴና መካከል በምትገኘው በጥንታዊቷ በካፕኒካሬያ ቤተ ክርስቲያን የሣለው ሥዕል ምስክር ነው።

በ1960 ኤክፍራሲስ የተባለውን መጽሐፍ አሳተመ፤ በእርሱም የግድግዳውን ልሳን፣ የቀለሙን አሰነዳድ፣ የቅዱሳኑንም መልክ አሣሣል በዝርዝር አስተማረ። የአቴና አካዳሚም ስለዚህ መጽሐፍ ሸለመው። ሐምሌ 13 ቀን 1965 ዓ.ም. በአቴና ዐረፈ።

እንግዲህ የፎቲስን ሕይወት ስንመረምር መጠበቅ፣ መሣልና ማስተማር ሦስት ሥራዎች ሳይሆኑ አንድ አገልግሎት እንደ ነበሩ እናያለን። በዕቃ ቤት ተቈልፎ የቀረ ሥዕል ቢድንም ልጅ አይወልድም፤ ያልተጠበቀም አርአያ የሚሆነው የለውም። እኛም በየአድባራቱ የጥንት ሥዕል በጢስ ቢጠቍር፣ ኖራ ቀብተን በእንግዳ ሥዕል ለመለወጥ ከመቸኰላችን አስቀድሞ ከጢሱ በታች የሚያስተምረን መምህር እንዳለ እናስብ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።